ሰሙ ብቻ ሲቀር

ከዓመታት በፊት በኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ግጥም ከፍታችሁ፣ በስንኞቹ ፈንታ የላቲን ፊደላትና የቅንፍ፣ የዶላር ምልክት ድብልቅልቅ አግኝታችሁ ታውቁ ይሆናል። በእኛ በመሐል ሜዳ እንዲህ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ሲገጥም የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግ።» እኔ ይህን ፍርድ እቃወማለሁ። ብዙውን ጊዜ ማሽኑም ጤነኛ ነው፣ ጽሑፉም በቦታው አለ። የጠፋው በሁለቱ መካከል የነበረው አስተርጓሚ ነው።

ነገሩ ከቅኔያችን ጋር ይመሳሰላል። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት የነበሩት የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ እትሞች፣ እነርሱን የመሰሉ ሌሎች መጻፊያዎችም፣ ለፊደላችን የራሱ መቀመጫ ስላልነበረው የላቲኑን ተውሰው መልኩን ብቻ በፎንት ቀየሩት። በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ላቲን፣ ዓይናችን የሚያየው ግን የግዕዝ ፊደል ነበር። ላቲኑ ሰም፣ ፊደሉ ወርቅ፣ ፎንቱ ደግሞ ቅኔ ፈቺ መሆኑ ነው። ፈቺው ከኮምፒውተሩ ሲታጣ ሰሙ ብቻ ይቀራል።

የተዋሱት መቀመጫም ጠባብ ነበር። በአንድ ፎንት ከነበሩት 256 ቦታዎች 32ቱ ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ነበሩ። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ደግሞ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሳይቆጠሩ ቦታው ሞልቶ ፈሰሰ። ስለዚህ አንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ከቁርጥራጭ ገጣጠመው፤ ሁሉም በየራሱ ስሌት። የአንዱን ጽሑፍ በሌላው ፎንት ብንከፍተው ፊደል እናያለን፣ ቃል ግን አናነብም። ሁለት መጻፊያዎች ባንድ ጊዜ ሲከፈቱም አንዱ የለወጠውን ሌላው መልሶ ይለውጠዋል። የዎርድ አራሚም የዓረፍተ ነገሩን መነሻ በእንግሊዝኛ ልማድ ወደ ትልቅ ፊደል ሲቀይር፣ በአማርኛው በኩል ፊደሉ ሌላ ፊደል ሆኖ ቁጭ ይላል። ለዚህኛው ጠብ አንዱን መጻፊያ ብቻ ማስቀረትና አራሚውን መዝጋት ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 የራሱ መቀመጫዎች ሰጠው። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ከእርሱ በፊት የነበረው ኤክስፒ ግን እንዲህ ያለ ፎንት አብሮት ስላልመጣ አዲሱን ጽሑፍ ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳያል። እንግዲህ ሕመሙን መለየት ይቻላል። እንግሊዝኛውም ሥዕሉም አብሮ ከተዥጎረጎረ ጉዳዩ የስክሪኑ፣ የገመዱ ወይም የግራፊክስ ካርዱ ነው። አማርኛው ብቻ ሳጥን ከሆነ የዩኒኮድ ፎንት መጫን ነው። አማርኛው ላቲን ከሆነ ግን የተጻፈበትን የዱሮ ፎንት መፈለግ ግድ ይላል፤ ፎርማት የሚያጠፋውም ይህንኑ ፎንት ነው።

«አዲስ ኮምፒውተር ግዛ፤ ዛሬ ስልክ እንኳ አማርኛ ይጽፍ የለም ወይ?» የሚለኝ ወዳጅ አለ። ለነገው ጽሑፍ እውነቱን ነው። የትናንቱን ግን ማን ያነሣዋል? መጽሐፍ ያሳተመ ደራሲ ሥራው በአንባቢ መደርደሪያም በወመዘክርም ይገኛል። እንደኛ ባለ ከተማ በለቅሶ ላይ የተነበበው ግጥም፣ የትምህርት ቤቱ የሥነ ጽሑፍ ክበብ መጽሔት፣ የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ብቸኛ ቅጂው በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ሊሆን ይችላል። የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም የማንሣቱ ሰፊ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲጀመር ብራናዎቹ ገና ይነበቡ ነበር። ቅጂ የሚወሰደው እየተነበበ ሳለ ነው።

ባለሙያው ማሽኑን ያድናል፤ ግጥሙን ማዳን የእኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ፋንታ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር አማርኛውን አሁንም በትክክል የሚያሳይ ከሆነ አስቀድመን በወረቀት እናትም። ጽሑፉን ከነፎንቱ በሁለት ፍላሽ እንገልብጥ። ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን የፎንቱን ስም ማወቅ ይሻሉ። ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ኖትፓድ አንገልብጠው፤ የፎንቱ ስም እዚያው ይቀራልና አማርኛውን ከእንግሊዝኛው የሚለይ ምልክት አይኖርም።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና የተቆጠረ ብር ደግሜ ሳልቆጥር አልረከብም። የተመለሰውም ጽሑፍ ከታተመው ጋር ይመሳከር፤ በተለይ እንደ ሏና ቧ ያሉት ዲቃሎች፣ እንደ ፩ና ፪ ያሉት አኃዞች፤ በሁለተኛው ፎንት ውስጥ የነበሩ እንደሆነ ቀድመው የሚበላሹት እነርሱ ናቸውና። ግጥም ሲሆን ደግሞ ቤት መምቻውን እንይ። በስንኙ መጨረሻ «ደ» ወደ «ዳ» ከተለወጠ ዓይን ቢያልፈው ጆሮ አያልፈውም።

በዚያ ዘመን በኮምፒውተር የጻፋችሁ ሁሉ፣ ኮምፒውተሩን ለባለሙያ ከመስጠታችሁ በፊት ፎንቱን አውጡ። ቸር እንሰንብት።