የካሜራ ስምና የሌንስ ጠባይ

ካኖን ይሻላል ወይስ ኒኮን? ወይስ ሶኒ? በከዚራም ሆነ በታይዋን ገበያ ካሜራ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ለነጋዴውም ለገዢውም የሚበጀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን ያስገባል፣ ከየትኛውስ ካሜራ ጋር ይገጥማል የሚለው ነው።

ዋጋቸው የተቀራረበ የሦስቱ ኩባንያዎች ካሜራዎች የሚሰጡት ፎቶግራፍ ለደንበኛ ዓይን እምብዛም አይለያይም። ልዩነቱን የሚያመጣው ሌንሱ ነው። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው የተለመደው ባለ 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ የብርሃን መግቢያው ኤፍ 5.6 ነው፤ ዋጋው መጠነኛ የሆነው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን ከዚያ 9 እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ያስገባል። በምሽት በድንኳን ውስጥ ሰርግ ለሚያነሣ ባለሙያ ይህ ከማንኛውም ስም ይበልጥበታል።

ስም ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። የአንዱ ኩባንያ ሌንስ በሌላው ካሜራ ላይ በቀጥታ አይገጥምም፤ በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ መግጠሚያው ይለያያል። ኒኮን ከ1959 ጀምሮ ኤፍ፣ ካኖን ከ1987 ጀምሮ ኢኤፍ የተባሉትን መግጠሚያዎች ሲሠሩ ኖረው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ሁለቱም መስታወት ለሌላቸው ካሜራዎች ዜድና አርኤፍ የተባሉ አዳዲስ መግጠሚያዎች አወጡ። የካኖን አሮጌ ኢኤፍ ሌንስ በማገናኛ አማካይነት በአዲሱ ካሜራ ላይ በሚገባ ይሠራል፤ ሞተር የሌለው የኒኮን ኤኤፍ-ዲ ሌንስ ግን ዲ3500ን በመሰለ ካሜራ ላይ ሲገጠም ምስሉን በራሱ አያጠራም፣ በእጅ ማስተካከል ያሻል። ይህ ሳይነገረው የገዛ ሰው ተታለልሁ ቢል አይፈረድበትም።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ሳይሸጥ በመደርደሪያ ላይ የሚቀር ሌንስ ብዙ ገንዘብ አስሮ ይይዛል። ስለዚህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት የከተማችን ባለሙያዎች የትኛውን መግጠሚያ እንደያዙ ይጠይቅ። ባለሱቁም የመግጠሚያውን ስም፣ ዕቃው አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ያገለገለውን ሌንስ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ወደ ብርሃን አቅንቶ ሻጋታና ጭረት እንዳለው እንዲመለከት፣ በራሱም ካሜራ ላይ ገጥሞ እንዲሞክር ይፍቀድለት። ደንበኛ በኩባንያው ስም ተስቦ ቢመጣም፣ ተመልሶ የሚመጣው በሻጩ እውነተኛነት ነው።