መሬቱን ለግመሉ የጠየቀ ማን ነው? አርብቶ አደሩና የቅኝ ዘመን ድንበር

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2026ን የግጦሽ መሬትና የአርብቶ አደሮች ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ ሰይሞታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ስያሜው አንድ የቆየ ጥያቄ ያስነሣል፦ መንጋውን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ሰው የሚኖርበት ምድር ሲከፋፈል የሚጠየቀው ማን ነው? አል ዐይን ለዚህ ጥያቄ ከታሪክ የተገኘ ምስክር አላት።

ብሪታንያ በ1820፣ በ1853 እና በ1892 ከዚህ የባሕር ዳርቻ ሼኮች ጋር ውል ተዋውላለች። በመጨረሻው ውል ሼኮቹ ያለ እርሷ ፈቃድ ከሌላ መንግሥት ጋር ላለመዋዋል፣ መሬትም አሳልፈው ላለመስጠት ቃል ገቡ። ለንደንን ያሳሰባት ወደ ህንድ የሚወስደው የባሕር መንገድ ስለነበር፣ ከዳርቻው በስተጀርባ ያለው በረሃ ለነዋሪዎቹ ተትቶ ቆየ። ከበኒ ያስ ጎሣ ብዙ ቤተሰቦች በብርዱ ወራት ግመል ያግዱ ነበር፤ ሙቀቱ ሲበረታ ከፊሉ ዕንቁ ለመጥለቅ ወደ ባሕር፣ ከፊሉ ተምር ለመልቀም ወደ ሊዋ ይወርዳል። ዐረቦች አንድ ጎሣ የሚንቀሳቀስበትን ምድር «ዲራ» ይሉታል። የዲራ ጠርዝ በዝናቡ መጠን ይሰፋል፣ ይጠብባል። ጉድጓድ ባለቤት አለው፤ ግጦሹ ግን በስምምነትና በጉርብትና የሚዳኝ ነው።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ነዳጅ ነው። የአቡ ዳቢ ገዥ ሼክ ሻክቡጥ በጥር 1939 የ75 ዓመት የነዳጅ ፍለጋ መብት ሰጡ። ኩባንያ ደግሞ እስከ የት መቆፈር እንደሚችል በመስመር ተለይቶ እንዲነገረው ይሻል። በነሐሴ 1952 የሳዑዲ ዐረቢያ ጓድ በቡራይሚ በምትገኘው ሐማሳ መንደር ሲሰፍር ክርክሩ ፈነዳ። ከዘጠኙ የቡራይሚ መንደሮች ስድስቱ የአቡ ዳቢ፣ ሦስቱ የሙስካት ሱልጣን ነበሩ። ጉዳዩ በ1954 ወደ ግልግል ዳኝነት ሲያመራ፣ የየትኛው ጎሣ ሰዎች ለማን ዘካ ከፈሉ፣ ለየትኛው ሼክስ ታዘዙ የሚለው ዋና ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

እዚህ ላይ ነው የአርብቶ አደሩ ዕጣ የተለወጠው። ስለ ግመሎቹ ዘካ ሲያወጣ የሃይማኖት ግዴታውን መወጣቱ፣ ምናልባትም ጥበቃ ማግኘቱ ነበር፤ አሁን ግን ክፍያው እንደ ርስት ሰነድ ተነበበ። ታማኝነቱ ለሰው እንጂ ለካርታ አልነበረም። የግልግሉ ጉባኤ በመስከረም 1955 ፈረሰ፤ በቀጣዩ ወር በብሪታንያ መኮንኖች የሚመራው ጦር የሳዑዲውን ጓድ አስወጣ። የአቡ ዳቢና የሳዑዲ ድንበር በውል የታሰረው ከኢምሬትስ መመሥረት በኋላ፣ በ1974 ነው።

በእነዚያው ዓመታት በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር ተፈጽሟል። የ1897ቱ የኢትዮጵያና የብሪታንያ ውል ከመስመሩ ግራና ቀኝ ላሉ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መብት ጠብቆ ነበር። በኅዳር 1954 ብሪታንያ ሐውድን ለመመለስ ስትስማማ ለኢትዮጵያ የሉዓላዊነቷ መመለስ ነበር፤ መንጋውን በዚያ ለሚያግደው ሶማሌ ግን ሳይጠየቅ የተወሰነ ውሳኔ ነበርና አቤቱታው እስከ ለንደን ደረሰ። ከዚያ ቀደም በ1907 የተፈረመው የደቡቡ ድንበር ቦረናን ለሁለት ከፍሎታል።

ሆኖም ያለፈውን ዘመን ማስዋብ አይገባም። በ1910 አዲስ አበባ የተወለደው፣ የአዋሽን ወንዝ በአፋር ምድር እስከ መጨረሻው የተከተለው እንግሊዛዊ ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ በአል ዐይን የሼክ ዛይድ እንግዳ ሆኖ ነበር። እርሱ ነዳጅ የበረሃውን ሕይወት ያጠፋዋል ብሎ አዘነ። ረኃብንና ጥማትን የሚያውቁት በደዊዎች ግን ደመወዝ ሲያገኙ፣ ሐኪምና ትምህርት ቤት ሲከፈትላቸው ብዙዎቹ በፈቃዳቸው ሰፈሩ። ዛሬ በዚህ አገር የግመል እሽቅድምድም በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ ግመሎቹን በየዕለቱ የሚንከባከቡት በአብዛኛው ከሌላ አገር የመጡ ሠራተኞች ናቸው።

ልዩነቱ ይህ ነው። እዚህ አርብቶ አደሩ መንቀሳቀሱን የተወው ሌላ መተዳደሪያ ካገኘ በኋላ ነው። በአፋር፣ በሶማሌና በቦረና ግን እንቅስቃሴው ዛሬም ድርቅን የማለፊያ ዘዴ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአማርኛም «ዘላን» የሚለው ቃል «አርብቶ አደር» ለሚለው ቦታውን ለቋል፤ የመጀመሪያው ሰውየውን ቦታ እንደሌለው ሲያሳይ፣ ሁለተኛው ሥራውን ይናገራል።

ቃሉ ተለውጧል፤ አሠራሩም ሊከተለው ይገባል። የመስኖ እርሻ፣ መንገድ ወይም የክልል ወሰን ሲታቀድ፣ የትኛው ጉድጓድ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ የሚያውቀው ሰው አስቀድሞ ካልተጠየቀ፣ የቡራይሚና የሐውድ ስሕተት በአገር ልጅ እጅ ይደገማል። የዘንድሮው ዓመት ፍሬ የሚመዘነው በበዓሉ ድምቀት ሳይሆን በዚህ ነው።