ጥጃውን ውሃ አንከልክለው

የነገው በሬና የነገዋ ላም የዛሬ ጥጆች መሆናቸውን ለገበሬ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይሁን እንጂ ተቅማጥ የያዘው ጥጃ ወተትና ውሃ ሲከለከል ይታያል። ይህ አሠራር በአስቸኳይ ሊታረም ይገባዋል።

ጥጆችን ከሚያስቀዝኑ ጥገኛ ተሕዋስያን መካከል ክሪፕቶስፖሪዲየም በተወለዱ በመጀመሪያው ወር፣ ኮክሲዲያ ደግሞ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ በብዛት ይታያሉ። ኮክሲዲያ ሲጠና ተቅማጡ ደም ይቀላቅላል። ሁለቱም ምግብ፣ ጨውና ውሃ የሚመጠጡበትን የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳሉ። በዚህም የተነሣ ጨው ወደ ደም መግባቱ ቀርቶ ከተቅማጡ ጋር ይወጣል፤ ውሃም ይከተለዋል። 20 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ 2 ሊትር ፈሳሽ ቢያጣ ከክብደቱ 10 በመቶውን አጣ ማለት ነው። ዓይኑ ይሰረጉዳል፤ እግሩ ይቀዘቅዛል፤ መቆም ያቅተዋል። ብዙውን ጊዜ ለሞት የሚያበቃውም ይኸው የጨውና የውሃ ማነስ ነው።

ደግነቱ የተጎዳ አንጀት ፈጽሞ አይዘጋም። ጨውና ግሉኮስ የተባለው የስኳር ዓይነት አብረው ሲቀርቡለት አንዱ ሌላውን ይዞ ይገባል፤ ውሃም አብሮ ይሰርጋል። በፋርማሲ የሚገኘውና በተለምዶ «ለምለም» የሚባለው ንጥረ ነገር የተዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው። ይሁንና ለሕፃናት በቤት የሚበጠበጠው የጨውና የሻይ ስኳር ውሃ ለጥጃ አይበጅም። ጥጃ ይህን ስኳር የሚፈጭበት ኢንዛይም በአንጀቱ ስለሌለው ተቅማጡ ይባባሳል።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተሉትን ለአባላት ሊያስረዱ ይገባል።

አንደኛ፣ ተቅማጥ እንደታየ አንዱን ከረጢት በትክክል በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠጣት፤ የእናቱንም ጡት አለመከልከል። መዋጥ ያቃተው ጥጃ በግድ ቢጋት ፈሳሹ ወደ ሳንባው ስለሚገባ ሳይዘገዩ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የሆድ ትል መድኃኒት እነዚህን ሁለት ተሕዋስያን እንደማያጠፋ አውቆ ያለ ባለሙያ ምክር ገንዘብ አለማባከን።

ሦስተኛ፣ አዲስ የተወለደ ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት እንገር እንዲጠባ ማድረግ፤ ጉዝጓዙን ደረቅ አድርጎ መያዝ፤ የታመመውን ከጤነኞቹ መለየት። ክሪፕቶስፖሪዲየም ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ ጥጃው ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድርበት ቤት ከነካኩት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

የጥቂት ከረጢቶች ዋጋ ከአንድ ወይፈን ዋጋ ጋር አይወዳደርም። መሪዎች ገበሬው ከረጢቶቹን ጥጃ ከመታመሙ በፊት ገዝቶ ከቤቱ እንዲያስቀምጥ ከወዲሁ ቢቀሰቅሱ ብዙ ጥጆች ከሞት ይተርፋሉ።