ስለ ተማሪዎች የፊት ጥርስ ጥበቃ

ሰው ከአካሉ ክፍል አንዱን ባጣ ጊዜ ጉዳቱ ከራሱ አልፎ ለቤተ ሰቡና ለአገሩም እንደሚተርፍ የታወቀ ነው። ነገሩ ስለ ዓይን ወይም ስለ እግር ሲሆን ይህን የማይቀበል የለም። ስለ ጥርስ ሲሆን ግን፤ ይልቁንም የተሰበረው የድኻ ልጅ ጥርስ እንደ ሆነ፤ «ልጅ ነው፤ ሲሮጥ ወደቀ፤ ዕጣው ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ዛሬ ልናስረዳ የምንወደው የተማሪ ጥርስ መሰበር ምክንያቱ የሚታወቅ፤ ስለዚህም በብዙው ሊከለከል የሚቻል ነገር መሆኑን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው ዕድሜያቸው እስከ 12 ዓመት ከሆኑት ልጆች መካከል ከመቶው 20 ያህሉ በአፍና በጥርስ ላይ አደጋ የደረሰባቸው ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚጐዱት የላይኛው መንጋጋ ሁለቱ የመካከል ጥርሶች ናቸው። እነዚህም በ7 ወይም በ8 ዓመት ዕድሜ የወተት ጥርስን ተክተው የሚበቅሉ፤ ዳግመኛም የማይተኩ ናቸው። በድድ ውስጥ ያለው ሥራቸው አድጎ እስኪፈጸም ከበቀሉ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ልጁም እጅግ የሚሮጥበትና የሚጋፋበት ዘመን ይኸው ነው።

የአደጋውን ምክንያት ሐኪሞች መርምረው አውቀውታል። ወንዶች ከሴቶች ይልቅ ይጐዳሉ። የላይኛው ጥርሱ ወደ ፊት የወጣና ከንፈሩ የማይሸፍነው ልጅ በወደቀ ጊዜ መሬቱን የሚቀበለው በጥርሱ ነው። አንድ ጊዜ የተጐዳም ዳግመኛ ለመጐዳት የቀረበ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ቦታው ነው፤ ድንጋይ የፈጠጠበት ሜዳ፤ የፈረሰ ደረጃ፤ ለተማሪው ብዛት የማይበቃ ጠባብ ግቢ፤ በአንድ ደወል ሁሉም የሚጋፋበት አንድ በር፤ ልጅ ጐንበስ ብሎ ሲጠጣ ከኋላው የሚገፋበት የውሃ ቧንቧ። ሦስተኛውም ልማድ ነው፤ የጠርሙስ ቆርኪ በጥርስ መክፈት፤ ድንጋይ መወራወር፤ በገና ጨዋታ ጊዜ በትርን ያለ ልክ ማንሣት።

ድኽነት ራሱ ጥርስ አይሰብርም፤ የተሰበረውን ግን ሳይጠገን ያስቀረዋል። ባለጠጋው የወጣውን ጥርስ የሚያስተካክልለት ሐኪም አስቀድሞ ያገኛል፤ ቢሰበርም ስባሪው በዚያው ሰሞን ይጠገንለታል። የድኻው ልጅ ስባሪ ግን በዚያው ይቀራል፤ ውስጡ ይሞታል፤ መግል ይቋጥራል፤ ሕመሙም ከትምህርት ያስቀረዋል። ከሕመሙም በኋላ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፤ ተነሥቶ አንብብ ሲሉት የሚያፍር ይሆናል። ንባብና ዜማ የሚያስተምሩ አባቶች እንደሚያውቁት፤ የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ካልነካ «ፈ» የተባለው ፊደል ጥርት ብሎ አይነገርም። ስለዚህ የአንድ ጥርስ ነገር የትምህርትም ነገር ነው።

«ረኃብና በሽታ ሳለ ስለ ጥርስ መናገር ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ብዙ ገንዘብ ይውጣ አላልንም። ከሜዳው ድንጋይ ለመልቀም ወላጆችና ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት አንድ ቀን ይበቃል። ክፍሎችን ተራ በተራ መልቀቅ፤ በውሃው ዘንድ አንድ አስተማሪ ማቆም፤ ቆርኪ በጥርስ እንዳይከፈት መምከር ዋጋ የለውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን ነው።

አደጋው ከደረሰም በኋላ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ብዙ ያድናል። የማይተካው ጥርስ ከነሥሩ ወልቆ የወደቀ እንደ ሆነ በሥሩ በኩል ሳይሆን በነጩ ወገኑ ይያዝ፤ አይፈተግ፤ በጨርቅም አይጠረግ። አፈር ቢኖርበት በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ይለቅለቅ፤ ወዲያውም ወደ ነበረበት ቦታ ተመልሶ፤ ልጁ ንጹሕ መሐረብ ነክሶ ወደ ሐኪም ይወሰድ። መመለስ ካልተቻለ በወተት ውስጥ ይቀመጥ፤ ወተት ቢታጣ ልጁ በንጹሕ ዕቃ በሚተፋው ምራቅ ውስጥ ይሁን። በሥሩ ላይ ያለው ሕያው ስስ ሥጋ በደረቅ አየር አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይምና፤ እንዲደርቅ መተው ማጥፋት ነው። የወተት ጥርስ ግን ከበላዩ የሚበቅለውን እንዳይጐዳ አይመለስም።

ይህን አስተማሪ ሁሉ ቢያውቀው፤ በየትምህርት ቤቱም ግድግዳ ተጽፎ ቢለጠፍ፤ በየዓመቱ ብዙ ጥርስ በዳነ ነበር። ስለዚህ የትምህርትና የጤና ሹሞች በየአውራጃቸው ያሉትን ግቢዎች በዓይናቸው እንዲመለከቱ፤ ርእሳነ መምህራን አደጋውን ሁሉ እንዲመዘግቡ፤ ካህናትም ሕዝቡ በተሰበሰበበት ይህን ምክር እንዲያሰሙ እናሳስባለን። በገንዘቡ ሊተካው የማይችል ልጅ ያለውን ጥርስ እንዳያጣ መጠበቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።