ምሳ በመነኮሳይያት ገዳም

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ እንግዳ አቀባበል ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ ደግሞ በሩቅ አገር ስለ በላነው አንድ ምሳ ለአንባቢዎቻችን እንነግራለን። ነገሩ እኛን በሰው ፊት ያሳፈረን ስለ ኾነ ልንተወው አስበን ነበር፤ ነገር ግን የሌላውን ስሕተት ስንጽፍ ቈይተን የራሳችንን ብንሸሽግ ፍርዱ የተስተካከለ አይኾንም።

ባለፈው ዓመት በበዓለ ኀምሳ ከሦስት ባልንጀሮቻችን ጋራ ወደ ደቡብ ኮርያ ሄደን ነበር። ከመካከላችን የአንደኛው አባት ከቃኘው ሻለቃ ጦር ጋራ በዚያ አገር ዘምተው ነበርና፥ ልጃቸው አባቱ የተዋጉበትን ምድር ለማየት ብዙ ዘመን ሲመኝ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ የውጭውን ታሪክ ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር አድርገነዋል።) የመዠመሪያው የቃኘው ሻለቃ በ1951 ዓ.ም. ኮርያ ደረሰ፤ እየተተካኩ ከሄዱትም ከ6000 በላይ ወታደሮች ከ120 በላይ የሚኾኑት ሕይወታቸውን በዚያ ሰጡ። በቹንቾን ከተማ የቆመላቸው የመታሰቢያ ሐውልት በ1968 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ተመርቋል። ባልንጀራችን በሐውልቱ ሥር ብዙ ጊዜ ቆመ፤ እኛም ዝም ብለን ጠበቅነው።

በማግሥቱ ማክሰኞ ዕለት፥ ያስተናገዱን አንድ አረጋዊ ኮርያዊ በሴኡል ከተማ ሰሜናዊ ምዕራብ ዳር፥ በቡክሃን ተራራ ግርጌ ወዳለው ጂንግዋንሳ ወደሚባለው የቡድሃ ሃይማኖት መነኮሳይያት ገዳም ለምሳ ወሰዱን። «በዚያ ሥጋም ዓሣም ዕንቍላልም አይገባም» ብለው አስቀድመው ነገሩን። ከባልንጀሮቻችን በዕድሜ የሚበልጡት ፊታቸውን አጠቈሩና በአማርኛ «ኹለት ወር ሙሉ ጾመን ፋሲካን የፈሰክነው፥ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ ሽሮ ፍለጋ ተራራ ለመውጣት ነውን?» አሉን። ሳቅን፤ ዳሩ ግን ኹላችንም በልባችን እንደ እርሳቸው አስበን ነበር። በአገራችን በፍስክ ቀን ለእንግዳ የጾም ወጥ ማቅረብ እንደ ንቀት ይቈጠራልና።

ገዳሙ ከተመሠረተ 1000 ዓመት አልፎታል። እንደሚተረከው በጎርዮ መንግሥት ዘመን አንድ ወጣት የንጉሥ ዘር ሊገደል በተፈለገ ጊዜ፥ ጂንግዋን የሚባል አረጋዊ መነኵሴ በቤተ ጸሎቱ ውስጥ ከምስሉ መቆሚያ በታች ጕድጓድ ምሶ ሸሸገው። ልጁም በኋላ ህዮንጆንግ ተብሎ በነገሠ ጊዜ የመነኵሴውን ውለታ ለመመለስ ገዳሙን አሠርቶ በስሙ ሰየመው። በኮርያ ጦርነት ጊዜ ከሕንጻዎቹ አብዛኞቹ ተቃጠሉ፤ ከ1960ዎቹ ዓመታት ዠምሮ ግን መነኮሳይያቱ ጥቂት በጥቂት እንደ ገና ሠሯቸው። በ2009 ዓ.ም. ከእሳት ከተረፉት ቤቶች አንዱ ሲታደስ፥ የተደበቀ አሮጌ ሰንደቅ ዓላማ ተገኘ። ይኸውም በጃፓን ሰንደቅ ዓላማ ላይ የኮርያ ምልክት በቀለም የተሳለበት ሲኾን፥ በ1919 ዓ.ም. ስለ ነጻነት የታተሙ ጋዜጦች ተጠቅልለውበት ነበር። የአምስቱን ዓመት የጠላት ወረራ ታሪክ ከወላጆቻችን ስንሰማ ያደግን ሰዎች ይህን ሰምተን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። የዘማቹም ልጅ ዓምዶቹን እየዳሰሰ «አባቴ በዚህ አገር በነበሩበት ዘመን ይህ ቤት ዐመድ ነበረ» አለ።

ከወጥ ቤቱ አጠገብ ፀሓይ በሚያገኝ ቦታ ተሰልፈው የቆሙ ብዙ ጋኖች አየን። እኛ ጠላ መስሎን ነበር። አንዲት መነኵሲት ክዳኑን ከፍታ በውስጡ ያለውን አሳየችን፤ አስተናጋጃችንም እያስተረጐሙ አሠራሩን አስረዱን። አኵሪ አተር ይቀቀላል፤ ተወቅጦም እንደ ጡብ ይበጃል፤ እስኪሻግት ድረስ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በጨው ውሃ በተመላ ጋን ውስጥ ይነከራል፤ ከላዩም ከሰልና ደረቅ በርበሬ ይጣልበታል። ከ40 እስከ 60 ቀን ያህል ከቈየ በኋላ ጥቍሩ ውሃ ተለይቶ ይወጣና በጨው ፈንታ ለምግቡ ማጣፈጫ ይኾናል፤ የቀረው ደግሞ እንደ ገና በጋን ተከድኖ ይብላላል። ዓመታት እየቈየ የሚጣፍጥም አለ። በዕድሜ የሚበልጡት ባልንጀራችን ከዚህ በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው «ይህስ የእናቴ ስልጆ ነው!» ብለው ጮኹ። ፊታቸው የተፈታው ከዚያን ጊዜ ዠምሮ ነው።

ይልቁንም ያስደነቀን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ገዳም ሽንኵርት አይበላም። ነጭ ሽንኵርትና የሽንኵርት ዘር የኾኑት፥ እንደ እነርሱም ሽታቸው የሚከረፋ ተክሎች፥ በጠቅላላው አምስት ዓይነት፥ ከማዕዳቸው የተከለከሉ ናቸው። ምክንያቱን ብንጠይቅ፥ በጥሬው ሲበላ ቍጣን፥ በስሎ ሲበላ ደግሞ የሥጋ ፍላጎትን ያነሣሣል ተብሎ በሕጋቸው ስለ ተነገረ ነው አሉን። ሽንኵርት ሳያቍላላ ወጥ የሚሠራ ባለሞያ በአገራችን ማን አለ? እነርሱ ግን ደረቅ እንጉዳይና የባሕር ቅጠል ቀቅለው መረቁን ለወጡ መነሻ ያደርጉታል፤ ሰሊጥና ከጋኑ የወጣውን ጥቍር ውሃ ይጨምሩበታል። እንዲህ ያለው የገዳማት አበሳሰል በ2025 ዓ.ም. በኮርያ መንግሥት ከአገሪቱ ቅርሶች አንዱ ኾኖ ተመዝግቧል።

ከመቀመጣችን በፊት አንድ ነገር ከሕሊናችን ጋራ አከራከረን። በእነዚህ ገዳማት ከምሳ በፊት በምስሉ ፊት ሩዝ እንደሚቀርብ ሰምተን ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ የቀረበላችሁን ሳትመረምሩ ብሉ፥ ነገር ግን ይህ የተሠዋ ነው ብሎ የሚነግራችሁ ቢኖር አትብሉ ማለቱን እናውቃለን። ስለዚህ ነገሩን ለአስተናጋጃችን በትሕትና ገለጽንላቸው። ለመነኵሲቲቱ ቢነግሯት አልተቈጣችም፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ወደ ወጥ ቤት ገባችና ከድስቱ የተቀዳ ሌላ ሩዝ ይዛ መጣች። እምነታችንን ለመጠበቅ የምንጨነቀውን ያህል የእንግዳን እምነት ለመጠበቅ እንጨነቅ እንደ ኾነ በዚያች ሰዓት ራሳችንን ጠየቅን።

ምሳው የቀረበው ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ነው። በአገራችን ጿሚ ሰው ቀኑ እስኪያዘነብል ድረስ ይቈያል፤ በጥንቱ የቡድሃ መነኮሳት ሥርዓት ግን ዋናው ምግብ ከቀትር በፊት ይፈጸማል። በወለሉ ላይ በረድፍ ተቀመጥን። ለእያንዳንዱ ሰው አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡ አራት ጎድጓዳ የዕንጨት ሳሕኖች ተሰጡት፤ አንዱ ለሩዝ፥ አንዱ ለሾርባ፥ አንዱ ለልዩ ልዩ አትክልት፥ አንዱም ለንጹሕ ውሃ ነው። እመምኔቷና ትናንት የገባችው ተማሪ የሚበሉት አንድ ዓይነት ነው። ምግቡ ከመቀመሱ በፊት በኅብረት ጸሎት ደገሙ፤ ትርጓሜውን ስንጠይቅ፥ ይህ ምግብ ከየት እንደ መጣና ስንት እጅ እንደ ደከመበት ማሰብ፥ ለመብላትም የተገባን መኾናችንን መመርመር፥ ለሥጋም እንደ መድኀኒት አድርጎ መቀበል ነው አሉን። ከዚያ በኋላ ቃል የሚናገር አልነበረም።

ከአኵሪ አተር ወተት የተበጀና ዓይብ የሚመስል ነጭ ምግብ፥ በሰሊጥ ዘይት የታሸ የዱር ቅጠል፥ በጥቍሩ ውሃ የተቀቀለ እንጉዳይ፥ በርበሬ ገብቶበት የተብላላ ጥቅል ጎመን፥ ስስ የባሕር ቅጠል ጥብስ ቀረበልን። የሽንኵርቱ መቅረት የታወቀን ለመዠመሪያው ጕርሻ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ አትክልት ጣዕም ለብቻው ተለይቶ ታወቀን። በመንገድ ላይ ሽሮን ያሙት ባልንጀራችን ሳሕናቸውን ኹለት ጊዜ አስመሉ።

አሁን ወደ ኀፍረታችን እንመለስ። ምግቡ ሲያልቅ ትኵስ የሩዝ ውሃ ይታደላል። እያንዳንዱም አስቀድሞ ባስቀረው አንድ ቍራጭ ጎመን ሳሕኖቹን ይወለውልና ጎመኑን በልቶ ውሃውን ይጠጣዋል። በመጨረሻም ሳሕኖቹን በአራተኛው ሳሕን ባለው ንጹሕ ውሃ ያለቀልቅና ውሃውን ወደ አንድ የጋራ ዕቃ ይገለብጣል። ይህ ውሃ ሲቀዳ እንደ ነበረው ጥሩ ኾኖ መመለስ አለበት። ጕሮሯቸው እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ የተራቡ ነፍሳት አሉ ብለው ያምናሉና፥ ውሃው ለእነርሱ ስለሚሰጥ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ እንድትገኝበት አይፈልጉም። ቢገኝበት ውሃው ወደ ረድፉ ይመለስና ኹሉም ተካፍሎ ይጠጣዋል።

ይህን አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ እኛ ግን በሚገባ አላዳመጥንም። በዘመናችን ኹሉ የበላንበትን ሳሕን ሌላ ሰው ሲያጥበው ኖረናልና፥ እንደ ነገሩ አለቅልቀን ገለበጥነው። አንዲት አረጋዊት መነኵሲት ዕቃውን ወደ መስኰቱ ብርሃን አዘንብላ ተመለከተች። በውሃው ላይ አንዲት የበርበሬ ቅንጣት ተንሳፍፋ ነበር። በረድፉ ውስጥ እኛ በጎመኑ በርበሬ ሳሕናችንን ማቅላታችንን ኹሉም አይቷል። አረጋዊቷ አንድም ቃል ሳትናገር ውሃውን በየሳሕናችን አካፈለች፤ ለራሷም ቀዳች፥ ከኹላችን በፊትም ጠጣች። በረድፉ ያሉት ኹሉ ጠጡ። የዘማቹ ልጅ ጠጣ። እኛም መጨረሻ ላይ ጠጣን፤ ውሃው ጣዕም ባይኖረውም ለመዋጥ አስቸገረን።

ከተነሣን በኋላ ወደ አረጋዊቷ ቀርበን «እማሆይ፥ ይቅር ይበሉን፤ ጥፋቱ የእኛ ኾኖ ሳለ እርስዎን ቀጣንዎ» አልናቸው። አስተርጓሚው ሲነግራቸው ፈገግ አሉና እንዲህ መለሱልን፤ «ይህ ቅጣት አይደለም። ሰው በሳሕኑ ያስቀረውን ምንጊዜም ሌላ ሰው ይጠጣዋል። በሌላ ስፍራ የሚጠጣው ሰው አይታያችሁም፤ በዚህ ግን ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ታያላችሁ።»

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። በዐሳባችን የመጣው ኮርያ ሳይኾን የራሳችን አገር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጕዳይ ወደ አንድ ወረዳ በሄድን ጊዜ ያሳደሩን አንዲት ባልቴት ነበሩ። በቤታቸው የነበረው ሽሮ ብቻ ነው፤ የመንግሥት ሰው መጥቶብኝ እንዴት ሽሮ አቀርባለሁ ብለው ያለቻቸውን አንዲት ዕንቍላል ጣይ ዶሮ አሳረዱ። እኛ ግን በመንገድ ላይ በልተን ስለ ነበረ ኹለት ጕርሻ ቀምሰን «ጠግበናል» ብለን ማዕዱን ከፍ አስደረግን። የልጅ ልጆቻቸው የዚያችን ዶሮ ዕንቍላል እየሸጡ ደብተር ይገዙ እንደ ነበረ የሰማነው ከተመለስን በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ አዘንን እንጂ አላፈርንም ነበር። አሁን ግን በሳሕናችን ያስቀረነውን ማን እንደ ጠጣው አየን።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ለመማር ባሕር መሻገር አያስፈልግም ትል ይኾናል፤ እውነትህን ነው። የዋልድባ መነኮሳት እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ ይኖራሉ። የማዕድ ፍርፋሪ እንዳይወድቅ አባቶቻችን አስተምረውናል፤ ጌታችንም አምስቱን እንጀራ ካበረከተ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዟል። ከዓመቱ እኩሌታ የሚያህለውን ያለ ሥጋ የሚያሳልፍ ሕዝብ የጾም ማዕዱን በፍስክ ቀን የሚያፍርበት ምክንያት የለውም። ባለጠጋው ቤት ሥጋው ያለ ኀሳብ ይቀርባል፤ ነገር ግን እንግዳ ኾነን የምንገባበት ቤት ኹሉ የባለጠጋ ቤት አይደለም፤ በእኛ ክብር ምክንያት የሚበደር አባወራ፥ መቀነቷን ፈትታ ያላትን የምታወጣ እመቤት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሹም የኾነ ሰው ወደ ድኻ ቤት ሲገባ «ያለውን አቅርቡልን» ብሎ አስቀድሞ መናገሩ፥ የቀረበለትንም አክብሮ መብላቱ ማዕረጉን አያጐድልበትም። በቤትም ልጆቻችን ልክ አውጥተው እንዲበሉና ከማዕዱ ሲነሡ የበሉበትን ራሳቸው እንዲያነሡ ብናስለምዳቸው መልካም ነው። እኛ ይህን በቤታችን ዠምረናል፤ በመዠመሪያው ሳምንት ኹለት ብርጭቆ ተሰብሯል።

ዘንድሮ ወደዚያው ወረዳ ለመሄድ ዕድል አገኘን። ባልቴቲቱ ገና በሕይወት አሉ። በር ላይ እንደ ተሳለምናቸው፥ ለሕፃናቱ ኹለት ዶሮዎችና ጥቂት ደብተሮች ማምጣታችንን ከመናገራችን በፊት፥ «እማማ፥ የናፈቀን ሽሮዎ ነው፤ ሌላ ቢያቀርቡልን እንቀየማለን» አልናቸው። መዠመሪያ አላመኑንም፤ ኹለት ጊዜ ደግመን ነገርናቸው። ከዚያ በኋላ ሽሮውን በሸክላ ድስት እንደ ፈላ አቀረቡልን፤ ሽንኵርቱም ነጭ ሽንኵርቱም በሚገባ ገብቶበታል፤ በዚህስ ከኮርያ መነኮሳይያት ተለይተናል። እስከ መጨረሻው በላን፤ ድስቱንም በመጨረሻው ቍራሽ እንጀራ ወለወልነው። ባልቴቲቱ ባዶውን ድስት አዘንብለው ተመለከቱና «ልጄ፥ ተርበህ ነበር ማለት ነው?» አሉን። «አዎን፥ እማማ» ብለን መለስንላቸው።